በሮም ሚዛን የተለካ የፊላደልፊያ ማዕድ

በደቡብ ፊላደልፊያ ስለሚገኙ የቆዩ የጣሊያን ምግብ ቤቶች አንድ ወገናችን የጻፉት ትችት ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነበር። ላላነበበው ሰው ፍሬ ነገሩን ልንገር። ጸሐፊው ለዓመታት ሮም ኖረዋል። ወደ አሜሪካ ከተሻገሩ በኋላ ወዳጆቻቸው ለእራት ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ወሰዷቸው። ያዘዙት በዶሮ ኮቶሌት ላይ ስጎና አይብ የሚደረግበትን፣ አሜሪካውያን ቺክን ፓርም የሚሉትን ምግብ ነበር። አልወደዱትም። ከዚያ ተነሥተው ክስ ደረደሩ፦ ምግቡ የጣሊያን አይደለም፤ ጣዕሙ ስጎና አይብ ብቻ ነው፤ ዋጋው አይቀመስም፤ ቤቱ በአሮጌ ጌጣጌጥና በማፍያ ዝና ይነግዳል፤ አስተናጋጆቹ ከቋሚ ደንበኛ በቀር ሰው አያዩም፤ ወጥ ቤት ያለው ሰውም ሜክሲኳዊ እንጂ ጣሊያናዊ አይደለም። በመሐል ስለ 1928ቱ ወረራ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገው ያልፋሉ። መደምደሚያቸው ኢትዮጵያዊን ወደዚያ የሚያስኬደው አንዳች ጉዳይ የለም የሚል ነው።

እኔ የምኖረው በዚህችው ከተማ ነው። እነዚህን ቤቶች እወዳቸዋለሁ፤ ስለምወዳቸውም ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊው ሮምን እንደሚያውቋት ከጽሑፋቸው ይታያል፤ በእንቁላል፣ በአይብና በአሳማ ሥጋ ስለሚሠራው ካርቦናራ ስለሚባል ፓስታና ስለ ሮም የጠዋት ገበያ የጻፉትን በደስታ ነው ያነበብኩት። የምቃወማቸው ያንን እውቀት ይዘው ሮማውያን ያልመሠረቱትን ቤት በሮም ሚዛን ሊዳኙ በመነሣታቸው ነው።

ከትልቁ ክስ ልጀምር፤ ምግቡ የጣሊያን አይደለም ከሚለው።

እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1924 ባሉት ዓመታት አራት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከጣሊያን ወደ አሜሪካ ገብተዋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አብዛኞቹ ከደቡብ፣ ከካምፓኒያ፣ ከካላብሪያ፣ ከአብሩዞና ከሲሲሊ የተነሡ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ጣሊያን ራሷ አንድ መንግሥት የሆነችው በ1861 ነው፤ እነዚህ ሰዎች መርከብ ሲሳፈሩ አገራቸው የአንድ ሰው ዕድሜ እንኳን አልሞላትም ነበር። ሰውየው ከየት ነህ ሲባል የመንደሩን ስም ይጠራል እንጂ ጣሊያን አይልም። ሁሉም የሚጋሩት አንድ የጣሊያን ምግብም አልነበረም። የሲሲሊው ዓሣ አጥማጅና የአብሩዞው እረኛ አንዱ የሌላውን ወጥ ያዩት ፊላደልፊያ ዘጠነኛ መንገድ ላይ ጎረቤት ሲሆኑ ነው።

በትውልድ መንደራቸው ሥጋ የዓመት በዓል ጉዳይ ነበር። አሜሪካ ደርሰው በባቡር ሐዲድ፣ በወደብና በግንባታ ሥራ የሚያገኙት ደመወዝ ትንሽ ቢሆንም ሥጋ ለመግዛት በቃ። የበዓሉ ምግብ የእሑድ ምግብ ሆነ። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ የተፈጨ ሥጋ ታድቦለቡል የነበረች እናት በየሳምንቱ ማድቦልቦል ጀመረች፤ ድቡልቡሉም እየተለቀ ሄደ። ጸሐፊው ፓስታንና ይህን የሥጋ ድቡልቡል፣ ሚትቦል የሚሉትን፣ በአንድ ሳህን ማቅረብ በጣሊያን የማይታሰብ ነው ብለዋል። ሮም ውስጥ እውነታቸውን ነው፤ እዚያ ሥጋው ከፓስታው በኋላ ለብቻው ይመጣል። አብሩዞ ብንሄድ ግን በበዓል ቀን በፓስታ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል የሥጋ ድቡልቡል ይደረጋል፤ በደቡቡም አገር ምድጃ ውስጥ በሚጋገረው የበዓል ፓስታ መሐል ትንንሽ ድቡልቡሎች አሉ። ከእነዚህ አገሮች የመጣ ሰው ልጅ ፊላደልፊያ ውስጥ ድቡልቡሉን ቢያተልቀው አያቱን የካደ አይመስለኝም።

ቺክን ፓርምም የዘር ሐረግ አለው። ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ደበርጃን ተጠብሶ፣ ስጎና አይብ ተደራርቦበት ይጋገራል። ዶሮና ጥጃ በአቅሙ መግዛት የቻለው ስደተኛ ደበርጃኑን በሥጋ ተካው። ደበርጃኑም አልጠፋም፤ እስከ ዛሬ በእነዚሁ ቤቶች ምናሌ ላይ ከዶሮው ጎን ተጽፎ ይገኛል። ፌቱቺኒ አልፍሬዶ የሚባለውን ፓስታ ደግሞ ጸሐፊው የአሜሪካ ፈጠራ ብለው አልፈውታል። አልፍሬዶ ዲ ሌሊዮ የሮም ሰው ነበር፤ ምግቡንም የሚሠራው እዚያው ሮም፣ በቅቤና በፓርሚጃኖ አይብ ነበር። የፊልም ተዋንያኑ ሜሪ ፒክፎርድና ዳግላስ ፌርባንክስ በ1920ዎቹ በልተውለት ዝናውን ወደ አገራቸው ወሰዱት። አሜሪካ ውስጥ ክሬም ተጨመረበት። ክሬሙን አለመውደድ ይቻላል፤ ምግቡን ከሮም ነጥቆ ለአሜሪካ መስጠት ግን አይቻልም።

ጸሐፊው የጥንታዊነት አርማ አድርገው ያቀረቡት ካርቦናራ ራሱ ዕድሜው አጭር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተጻፈ አሠራር አልተገኘለትም። አመጣጡን አሜሪካውያን ወታደሮች በ1944 ሮም ሲገቡ ይዘውት ከመጡት እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ጋር የሚያያይዙት ብዙ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ የታተሙ የካርቦናራ አሠራሮች አንዱ የወጣው በ1952 ቺካጎ ውስጥ ነው። ቲማቲምም ቢሆን ከአሜሪካ አህጉር ሄዶ ነው የኔፕልስ ሰው ስጎ የሆነው። ታዲያ ባሕር ተሻግሮ የተለወጠ ምግብ ሁሉ ሐሰተኛ ከሆነ የጸሐፊው የሮም ማዕድ ላይ ምን ሊቀር ነው?

እኛስ? አዲስ አበባ ውስጥ ስፓጌቲ በበርበሬ ስጎ ይሠራል፤ በእንጀራ ተጠቅልሎ የሚበላበት ቤትም ብዙ ነው። የጾም ፓስታ የሚባል ነገር አለን። ይህን ሁሉ ስንበላ ኖረን የኛ ፓስታ ውሸት ነው ያለ ሰው አላውቅም። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ጤፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን እናቶቻችን በስንዴና በገብስ ዱቄት እንጀራ ጋግረዋል። በዚያ እንጀራ ያደገውን ልጅ እንጀራ አልበላህም ብሎ የሚነግረው ማን ነው?

ስጎና አይብ ብቻ ነው የሚለው ክስ አንድ ሳህን አዝዞ የሄደ ሰው ክስ ነው። ስጎ ሁሉ አንድ አይደለም። ማሪናራ የሚባለው በነጭ ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይት፣ በቲማቲምና በበሶብላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚደርስ ቀላል ስጎ ነው፤ የቲማቲሙ ጣዕም ገና ትኩስ ሆኖ መምጣት አለበት። የእሑዱ ስጎ ሌላ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በዝግታ ሲንተከተክ ይውላል፤ ውስጡ ቋሊማ፣ የአሳማ ጎድን፣ ሚትቦልና በነጭ ሽንኩርትና በአይብ ተጠቅልሎ በክር የታሰረ የበሬ ሥጋ አለበት። ከሰዓት በኋላ ሥጋው ወጥቶ በሌላ ሳህን ይቀርባል፤ የሥጋውን ስብና ጨው የጠጣው ስጎ ፓስታው ላይ ይደረጋል። ይህ የኔፕልስ ሰዎች ራጉ ለሚሉት የሥጋ ስጎ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱን ስጎዎች ጎን ለጎን የቀመሰ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይለያቸዋል።

ስጎ ያልነካው ምግብም ሞልቷል። በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚጠበሰው መራራ ቅጠል፣ ብሮኮሊ ራብ የሚሉት፣ አለ። ኤስካሮል ከሚባል ቅጠልና ከነጭ ባቄላ የሚሠራ ሾርባ አለ፤ በብርድ ቀን እጅ ያስቆረጥማል። በሎሚና በወይን የሚሠራ ስስ የጥጃ ሥጋ፣ ከነቅርፊቱ የሚቀርብ የባሕር ምግብ፣ የተጠበሰ ረጅም ቃሪያ አለ። ቃሪያው የሚያቃጥል ነው፤ ሚጥሚጣ የለመደ ምላስ ያላቸው ጸሐፊያችን ያንን አለማዘዛቸው ያሳዝነኛል።

ወደ ቺክን ፓርሙ ልመለስ፤ ዋናው ክስ እሱ ነውና። በደንብ ሲሠራ ዶሮው ተደብድቦ እኩል ሰስቷል፤ ዱቄት፣ እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ በየተራ ነክቶ በጋለ ዘይት ተጠብሷል። ስጎው መሐሉ ላይ ብቻ ነው የሚደረገው፤ ጠርዙ ዙሪያውን ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ሞዛሬላው በእሳቱ እዚህም እዚያም ቡናማ ነጥብ እስኪያወጣ ከላይ ይጋላል። ቢላዋ ሲገባበት ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፤ መሐሉ ደግሞ ለስላሳ ነው። በግዴለሽነት ሲሠራ ዶሮው ከጠዋት ተጠብሶ ይውላል፤ ስጎ ውስጥ ይዋኛል፤ የዳቦ ፍርፋሪው ሊጥ ይሆናል። ጸሐፊው የገለጹት ሁለተኛውን ነው። እንዲህ ያለ ሳህን የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ ይህን አልክድም። ፓስታውን አብዝተው የሚቀቅሉ፣ ቅመም በቆጠቡበት ቦታ አይብ የሚደፉ ቤቶችም አሉ። ነገር ግን በአንድ ቤት የከፋ ዶሮ ወጥ የበላ ሰው ዶሮ ወጥ ምግብ አይደለም አይልም። ወይ ቤቱን ይቀይራል፣ ወይ ወጥ ሠሪውን ይወቅሳል።

ሳህኑ ትልቅ ነው ለሚለው ምላሼ አዎን፣ ትልቅ ነው። ተርበው የመጡ ሰዎች የከፈቱት ቤት ነው። ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ መነሻቸው የሠራተኞች ማደሪያ ነው። ፓሉምቦ የተባለው የዚህ ከተማ ስመ ጥር ቤት በ1884 ሲከፈት ለአዲስ መጤ ጣሊያናውያን አልጋና ምግብ የሚሰጥ ማደሪያ ነበር፤ ኋላ ምግብ ቤትና የሙዚቃ አዳራሽ ሆኖ በ1994 በእሳት እስኪወድም ድረስ ሰፈሩ ሠርጉንም ተስካሩንም ያደረገበት ነበር። ድንጋይ ሲፈልጥ የዋለ ሰው በስስ ሳህን አይሸኝም። ዛሬም ብዙ ቤቶች ምግቡን በትልቅ ሳህን መሐል ላይ አስቀምጠው ሁሉም እንዲቋደስ ያደርጋሉ። በአንድ ትሪ ዙሪያ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ጸሐፊው ግን ብቻቸውን አንድ ሳህን ይዘው ሊጨርሱት ታግለዋል፤ አብረዋቸው የነበሩት ወዳጆቻቸውም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አዝዘዋል። አራት ሰው ሁለት ዋና ምግብ፣ አንድ ፓስታና አንድ ቅጠል አዝዞ ቢካፈል ኖሮ ሌላ ጽሑፍ እናነብ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዋጋውንም ያናረው ይኸው አዘዛዘዝ ነው። ቤት ውስጥ ፓስታ በጥቂት ዶላር ይቀቀላል ማለት ትክክል ነው፤ በዚህ ስሌት ግን ማንኛውም ምግብ ቤት፣ የኛዎቹም ጭምር፣ መዘጋት አለበት። ደግሞ ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር አለ። በፔንሲልቬንያ የመጠጥ ፈቃድ ቁጥሩ የተገደበ፣ ዋጋውም ውድ ነው። ስለዚህ ብዙ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ያለ ፈቃድ ይሠራሉ፤ እንግዳው ወይኑን ከመደብር ገዝቶ ይዞ ይመጣል፤ ቤቱ ብርጭቆ ያቀርባል። በሌላ ከተማ ሂሳቡን እጥፍ የሚያደርገው መጠጥ እዚህ በመደብር ዋጋ ይጠጣል።

ስለ ጌጣጌጡ ብዙ አልልም። በቀይና ነጭ ዳማ ጨርቅ የተሸፈነው ጠረጴዛ፣ በገለባ የተለበጠው የኪያንቲ ወይን ጠርሙስ፣ የቦክሰኞችና የዘፋኞች ፎቶግራፍ ያረጀ ቢሆንም የራሱ ታሪክ አለው። ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ መጠጥ ስትከለክል ጣሊያናውያን በየቤታቸው ወይን መጥመቃቸውን አልተዉም፤ ሕጉም በቤት ለሚዘጋጅ የፍራፍሬ ጭማቂ ክፍተት ትቶ ነበር። በዚያ ዘመን ነው የሌላው ሰፈር ሰው፣ ሠዓሊውና ጋዜጠኛው፣ ወይን ፍለጋ ወደ እነዚህ ጓዳዎች ገብቶ ስፓጌቲ መብላት የተማረው። ከዚያ በፊት የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ሠራተኞች ነጭ ሽንኩርትና ፓስታ የሚበላ ስደተኛ ገና አልሠለጠነም ብለው ይመዘግቡ ነበር። ግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶግራፎች ከዚያ ንቀት በኋላ ስማቸው የተጠራ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ባለቤቱ ባያወርዳቸው አልፈርድበትም።

አስተናጋጆቹ ለእንግዳ ደንታ የላቸውም የሚለው ክስ ግን በጣም ነው የከነከነኝ፤ እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ስለሆነ። በኒውዮርክ ምሥራቅ ሃርለም ራኦስ የሚባል፣ በ1896 የተከፈተ ቤት አለ፤ ጠረጴዛዎቹ ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱም የቋሚ ደንበኞች እንደ ርስት የተያዘ ነው። ስለዚያ ቤት ቢጽፉ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር። የደቡብ ፊላደልፊያዎቹ ግን፣ በ1899 የተከፈተው ዳንቴ ኤንድ ሉዊጂስ ይሁን በ1900 የተከፈተው ራልፍስ፣ በሩን ከፍቶ ለገባ ሰው ሁሉ ወንበር የሚስቡ ቤቶች ናቸው። ስሙን የማልጠራው ሌላ ትንሽ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ከዘመዶቼ ጋር ገብተን ስናዝዝ ሽማግሌው አስተናጋጅ ሦስተኛውን ምግብ ሊጽፍልኝ እምቢ አለ። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና ይህ ይበቃችኋል፤ ካልበቃችሁ ያኔ አመጣለሁ አለኝ። በቃን። የተረፈውን ያለ ጥያቄ በዕቃ አድርጎ፣ ዳቦ ጨምሮበት፣ ለአክስቴ በእጇ ሰጣት። ቃላቱ አጭር ነው፤ ድምፁም ይጮኻል። ፈገግታ ጠብቆ ለሄደ ሰው ቁጣ ይመስላል። ጸሐፊው ትዕዛዙን ሲያጣድፈን ነበር ያሉት አስተናጋጅ ምናልባት አርብ ማታ ስድስት ጠረጴዛ ይዞ የሚሮጥ ሰው ነበር።

ቋሚ ደንበኛው ቀድሞ ሰላምታ ማግኘቱ እውነት ነው። ሴትየዋ ከጥምቀቷ ጀምሮ እዚያ ስትበላ ኖራለች፤ አስተናጋጁ የባሏን ሞት ያውቃል፤ ትንሽ ቆም ብሎ ቢያነጋግራት ከኔ ምን ተወሰደብኝ?

የማፍያው ነገር ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ወንጀል አልነበረም አልልም። የማፍያ ሰው የነበረው ጆ ጋሎ በ1972 በልደቱ ቀን ኒውዮርክ ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ ሲበላ በጥይት ተገድሏል፤ እዚህ ፊላደልፊያም በ1989 ተመሳሳይ ተኩስ ምግብ ቤት ውስጥ ተከፍቷል። ይህ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። ነገር ግን ማፍያ የሚለውን ስም በአንድ ሕዝብ ላይ መለጠፍ ምን እንዳስከተለ ጸሐፊው ቢያስታውሱ ጥሩ ነበር። በ1890 የኒው ኦርሊንስ የፖሊስ አዛዥ ተገደለ፤ ማፍያ ነው ተብሎ ጣሊያናውያን ተያዙ። ፍርድ ቤቱ የጥፋተኝነት ውሳኔ ሳይሰጥ ሲቀር፣ በመጋቢት 1891 የተቆጣ ሕዝብ እስር ቤቱን ሰብሮ አሥራ አንድ ሰው ገደለ። ከተማዋ በከንቲባዋ አንደበት ይቅርታ የጠየቀችው በ2019 ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ዳቦ ለመቀበል የሚነሣ፣ ልጆቹን በዚሁ ሥራ ያስተማረ ባለ ምግብ ቤት በፊልም ዝና ሲጠረጠር ኖሯል። ስደተኛ ሆኜ በጅምላ መጠርጠርን ስለማውቀው ይህን ክስ ከአንድ ወገኔ ብዕር ማንበብ ከብዶኛል።

ወረራውን የሚመለከተው ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ሌላ ክብደት አላት፤ እዚህ ላይ ጸሐፊውን አልሞግትም። እንዲያውም የበለጠ ሊሉ ይገባ ነበር። ሙሶሊኒ በ1935 ኢትዮጵያን ሲወር ብዙ ጣሊያናውያን አሜሪካውያን ደግፈውታል። ሴቶች የወርቅ የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሰጥተው በምትኩ የብረት ቀለበት አጥልቀዋል። ኒውዮርክ ውስጥ ለኢትዮጵያ በቆሙ ጥቁር አሜሪካውያንና በጣሊያን ሰፈር ልጆች መካከል ግጭት ተነሥቷል። እንደ ካርሎ ትሬስካ ያሉ ፋሺዝምን እስከ ሞት የታገሉ ጣሊያናውያን አሜሪካውያንም ነበሩ፤ ቁጥራቸው ግን ከደጋፊው ያንስ ነበር። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እዚያ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ልቡ ቢከብደው መብቱ ነው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት አያቶች መካከል ቀለበቷን የሰጠች ልትኖር ትችላለች፤ እኔም ያንን አስቤ አውቃለሁ። አልሄድም የሚል ሰው በዚህ ምክንያት ባይሄድ አከብረዋለሁ። ጸሐፊው ግን ይህን ከባድ ነገር ያነሡት የስጎውን ክስ ለማጠናከር ነው፤ ይህ ለታሪኩ አይመጥነውም። የሰማዕታቱ ደም ከዶሮ ኮቶሌት ጋር በአንድ አንቀጽ ውስጥ መጻፍ አልነበረበትም።

ወጥ ቤት ውስጥ ሜክሲኳዊ አለ ለሚለው መልሴ አጭር ነው። አዎን አለ፤ ምግቡንም እስከ ዛሬ ያቆየው እሱ ነው። የጣሊያናውያኑ የልጅ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ ሐኪምና ጠበቃ ሆነዋል፤ ብዙዎቹ ወንዙን ተሻግረው ኒው ጀርሲ ኖረዋል። ከሜክሲኮ ፑዌብላ ግዛት የመጡ ሰዎች በየኩሽናው ሳህን ከማጠብ ጀምረው ዛሬ ስጎውን እነሱ ይሠራሉ። ዘጠነኛ መንገድ ገበያ ላይ የጣሊያን አይብ ቤትና የሜክሲኮ ቶርቲያ ቤት ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ዋሽንግተን ጎዳና ላይ ቬትናማውያን አሉ። ሽማግሌው ባለቤት ለልጆቹ ያላስተማረውን እጅ ከእነሱ አንዱ ይዞታል። ሙያ በልብ ነው የምንል ሰዎች የወጥ ሠሪውን ፓስፖርት መጠየቅ የለብንም።

የቀረው ኢትዮጵያዊን ወደዚያ የሚያስኬደው ጉዳይ የለም የሚለው ነው። ለጿሚ ሰው ከዚህ የተሻለ የውጭ ምግብ ቤት በዚህ ከተማ አላውቅም። የአሜሪካ ካቶሊኮች እስከ 1966 ድረስ ዓመቱን ሙሉ አርብ አርብ ከሥጋ ይከለከሉ ነበር፤ ስለዚህ ያለ ሥጋ ማብሰል በእነዚህ ቤቶች የኖረ ሙያ ነው። በማሪናራ ወይም በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት የሚቀርብ ስፓጌቲ፣ ብሮኮሊ ራብ፣ ኤስካሮልና ባቄላ ይታዘዛል። ደረቁ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው፤ በቤት የተሠራው ትኩስ ፓስታ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል ስላለበት መጠየቅ ያስፈልጋል። የባቄላው ሾርባ ውስጥም የሥጋ መረቅ ወይም የአሳማ ቁራጭ ሊገባ ይችላል፤ አይብም ሳትጠይቁ ከላይ ይነሰነሳልና አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሙስሊም ወገኖቻችን ሚትቦሉ በተለምዶ የበሬ፣ የጥጃና የአሳማ ሥጋ ቅልቅል መሆኑን፣ አንዳንድ ስጎዎችም ወይን እንደሚገባባቸው ይወቁ፤ በዓሣና በቅጠል የሚሠራው ግን ብዙ ነው። አርብና ቅዳሜ ማታ ቤቶቹ ይጨናነቃሉ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ደውላችሁ ለአራት ሰው ያዙ፤ ሁለት ዋና ምግብ ብቻ እዘዙ፤ የሚያቃጥለውን ቃሪያ አትርሱ።